ድንጋዩን ማን ይሸከም

ባለፈው ዓመት ጎንደር ሄጄ አራዳ ገበያ ውስጥ ስዞር፣ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ወደ ኋላ አጋድሞ ሆዱን ዘይት ሲያጠጣ ደረስኩ። የመኪና ዘይት ካዲስ አቡጀዲ ጋር ሲቀላቀል የራሱ የሆነ ሽታ አለው። እግሬን ያዘኝ። ሰውየው «ምን ልስፋልዎ እናቴ?» ቢለኝ «ምንም፣ ትንሽ ልቁም» አልኩት። ይቺ አሮጊት አእምሮዋ ተነክቷል ሳይል አልቀረም፤ ይበል። እኔ በዚያ ሰዓት ፒያሳ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነው፣ ክረምት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ እናቴና አክስቴ ተኳርፈዋል።

እናቴ ትርንጎ፣ አክስቴ እንኮይ ይባላሉ። መንታ ናቸው። ሁለት ፍሬ ሰጠኝ ብሎ ስሙን ያወጣው አባታቸው ነው አሉ። ቁመታቸው፣ መልካቸው፣ ከላይኛው ከንፈራቸው በላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር አንድ ነበር። አባቴ «እኔ የምለያት በቁጣዋ ነው፤ በሩን ከፍቼ ስገባ የምትቆጣኝ እሷ ሚስቴ ናት» ይል ነበር። እውነቱን ነው። እናቴ ቶሎ ትቆጣለች፣ ቶሎ ትስቃለች፣ ያለችውንም ወዲያው ትረሳለች። አክስቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። የሰማችውን ታስቀምጣለች፤ ያስቀመጠችው ደግሞ አይሻግትም።

እኛ የምንኖረው ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነበር። አባቴ በበቅሎ ከአይከል እህል እያመጣ ይነግዳል፤ ክረምት ሲገባ ወንዝ እየሞላ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። አክስቴ ፒያሳ ከሱቆቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሙያውን የተማረችው በጣልያን ጊዜ አንዲት የነሱን ሴት ስታገለግል ነው። ባሏ በዚያው ዘመን ጫካ ገባ። ጣልያን ወጣ፣ ሌሎቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው ተመለሱ፣ እሱ ቀረ። ሞተ እንዳይባል ያየው የለ፣ አለ እንዳይባል አልመጣ። አክስቴም ጥቁር ሳትለብስ፣ ሌላ ሳታገባ፣ ልጅም ሳትወልድ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ትመጣና ጸጉር ይሠራራሉ። አንዷ በርጩማ ላይ፣ ሌላዋ ከኋላዋ መደቡ ላይ። ወሬው ከሹሩባው ጋር አብሮ ይጎነጎናል። ወሬው ሲጥም እጅ ይቆማል፤ እጅ ሲቆም ተቀማጯ «ሥሪ እንጂ!» ትላለች፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። እኔ በመካከላቸው እገባና ቅቤው አንገቴ ላይ እየተንጠባጠበ እቀመጥ ነበር። ሁለት እናት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ደልቶኝ ያደግሁ ልጅ ነኝ።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ የእናቴ ሆድ ገፋ። ከእኔ ወዲህ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ ሰው ሁሉም ፈራ። ደስታው ግን አንድ የቆየ ቃል ይዞ መጣ። እናቴ እኔን ወልዳ አራስ ሳለች፣ እህቷ እኔን ታቅፋ ስታለቅስ ብታያት አንጀቷ አልቻለም፤ «ሁለተኛ ስወልድ ይችን ትወስጃታለሽ፣ የጡት ልጅሽ ትሆናለች» ብላት ኖሯል። ያልወለደች ሴት ጣቷን ማር ነክራ ለልጁ ካጠባችው የጡት ልጇ ነው፤ በስሟ ይጠራል፣ ሲያድግ ይጦራታል። ቀልድ አይደለም። አክስቴም ቃሉን ተቀብላ አስቀመጠችው። አይሻግትም ብያለሁ።

አንድ ቅዳሜ የእናቴን ጸጉር እየሠራች ቀስ ብላ አነሳችው።

«እንግዲህ ሆድሽ ገፋ። የሺን ለመስከረም ልውሰዳት፤ ሸጋ ቀሚስ ጀምሬላታለሁ» አለች። የሺ እኔ ነኝ።

እናቴ «ያኔ የተናገርኩት ከድካም ነው። ልጅ እንደ ወንፊት አይዋሱትም» አለች።

«አውሺኝ መች አልኩ? ቃልሽን ነው ያልኩሽ።»

«በሆዴ ያለው ይቆይልኝ አይቆይልኝ ሳላውቅ የወለድኳትን አውጥቼ ልስጥ? ምነው እንኮይ፣ እግዜር የነፈገሽን ከእኔ ጉያ ትለቅሚያለሽ?»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። የአክስቴ እጅ ጸጉሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ማበጠሪያውን መደቡ ላይ አስቀመጠች፣ የእጇን ቅቤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ድምጿን ሳታነሳ፣ «ሽማግሌ የመጣው ታላቂቱን ብሎ ነበር። ታላቂቱ እኔ ነኝ። ቤቱም፣ ባሉም፣ ልጂቱም የኔ ነበሩ፤ የለቀምሽስ አንቺ ነሽ» ብላ ወጣች።

እናቴ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ቀረች። ጎረቤት ልጨርስልሽ ቢላት እምቢ አለች። ሻሽ አሰረችበት፤ ሻሹንም እስክትወልድ ድረስ ሰው ፊት አልፈታችው።

አባቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ልጆቹ መንታ መሆናቸውን ሰምቶ «ታላቂቱን» ብሎ ነበር። ታናሽ ከታላቋ ቀድማ አትዳርም፤ ነውር ነው። ታላቂቱ ተብላ የተሰጠችው እናቴ ናት። ማን ቀድማ እንደተወለደች የሚያውቁ ደግሞ እናታቸው፣ አያቴ ብቻ ነበሩ፤ ያዋለደቻቸው ሴት ከሞተች ቆይታለች። አያቴ ይህን ነገር ተጠይቀው መልሰው አያውቁም። ሰው ሲወተውታቸው «የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው፤ ምን ቅደም ተከተል አለው» ብለው ይነሳሉ።

ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ መላላክ ሆነ። ሁለቱ አንድ የማርያም ማኅበር ስለሚጠጡ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ሲገናኙ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና እኔን ከመካከል ያቆሙኛል።

«የሺ፣ ለዚያች ሴትዮ ወንፊቴን ትመልስልኝ በያት።»

«የሺ፣ ወንፊቷን ከሁዳዴ በፊት እንደወሰደችው ንገሪያት፤ ጓዳዋን አገላብጣ ትይ።»

ሁለቱም ሁለቱንም ይሰማሉ። እኔ ግን አደራዬን እጠብቃለሁ። ዞር እልና እደግመዋለሁ፤ ስደግመው ትንሽ ቅቤ እቀባዋለሁ። «እማዬ፣ ወንፊትሽ ደህና ነው ወይ ብላሻለች» እላለሁ። ማኅበርተኞቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይንፈቀፈቁ ነበር።

ከቤት ቤት ስመላለስ ደግሞ ሌላ ነገር አያለሁ። ከፒያሳ ስመለስ እናቴ ምስር እየለቀመች ቀና ሳትል «ያች ሴትዮ ቤት እሳት ነድዷል?» ትለኛለች። ምሳ በልታለች ወይ ማለቷ ነው። «ነድዷል» ካልኩ ምስሩን መልቀሟን ትቀጥላለች፤ «አልነደደም» ካልኩ ሽሮ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኝና «ማን ላከው ብትልሽ አላውቅም በይ» ትላለች። አክስቴም አትጠይቀኝም። ቋጠሮውን ታየዋለች፤ የእናቴ ቋጠሮ መሆኑን ከአስተሳሰሩ ታውቀዋለች፤ ተቀብላ ታስቀምጠዋለች።

አክስቴ ቤት የኔ ቦታ ከስፌት መኪናው ሥር ነበር። እግሯ ብረቱን ሲረግጥ፣ ትልቁ ጎማ ሲዞር፣ ከላይ የጨርቅ ቁራጭ ሲወርድልኝ እየለቀምኩ እውላለሁ። አንድ ቀን ከወረደልኝ ውስጥ ነጭ ለስላሳ ጨርቅ አገኘሁ። ብቅ ብዬ ባይ መዳፍ የምታህል እጅጌ ትገጥማለች።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የደንበኛ» አለች።

ደንበኛዋ ሲመጣ ሳላይ ክረምቱ ገባ።

ይህ ሁሉ ለትልልቆቹ ኩርፊያ ነው። ለእኔ ግን የባሰ ነገር ነበር፤ ያን ቅዳሜ የሰማሁትን ቃል እንዳለ ነበር የያዝኩት። አክስቴ ታላቅ ከሆነች ቤቱ የሷ ነው ተብሏል። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀምጦ አክስቴ ታላቅ ናት ያለ ቀን ሁለቱ ይለዋወጣሉ ብዬ አመንኩ። አክስቴ ቀሃ ትወርዳለች፣ እናቴ ፒያሳ ትወጣለች። መልካቸው አንድ ስለሆነ ጎረቤት አይቸገርም፤ አባቴም ከአይከል ሲመለስ ቁጣ ካጣ ብቻ ነው የሚነቃው። እኔ ከቤቱ ጋር ስለምቆጠር ካክስቴ ጋር እቀራለሁ። ያስቸገረኝ ሆዱ ነበር። የተረገዘውን እንዴት አድርገው ይለዋወጡታል? ብዙ ካሰብኩ በኋላ እስኪወለድ ይጠብቃሉ ብዬ ደመደምኩ። የቤታችን ድመት የማን እንደምትሆን ግን ልወስን አልቻልኩም።

የሚያሳፍረው፣ ሐሳቡ አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር። ፒያሳን እወዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ የሚወጣውን ሽታ፣ የሱቆቹን መስታወት፣ የሚያልፉትን መኪኖች እወዳለሁ። አክስቴን እወዳታለሁ። ቀሃን እንዳለ አንስቼ ከእናቴ ጋር ፒያሳ ባስቀምጠው ደስታዬ ነበር። ከዚያ እናቴ ብቻዋን የስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ ይታየኛል፤ አጠቃቀሙን አታውቀውም፤ ክሩ ይተበተብባታል፤ መርፌው ጣቷን ይወጋታል፤ የሚጠራላት ሰው የለም። ያን ጊዜ ጋቢዬን ተሸፋፍኜ አለቅሳለሁ። እናቴ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ፌጦ ታጠጣኝ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ የእናቴ ቀን ደረሰ። በሰፈራችን ቂም የያዘች ሴት ምጧ ይጠናል ይባላል። ሁለት ጊዜ ያስወረዳት ሴት፣ ያውም ከእህቷ ተኳርፋ፣ በሰላም ትገላገላለች ብሎ የሚያምን አልነበረም። አዋላጇ እመት ድንቄ ሳትቀር «ሳይታረቁ እጄን አላስገባም» አለች አሉ። ስለዚህ የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ከማኅበሩ ሁለት ሴቶች ይዘው እኛ ቤት ተቀመጡ። አክስቴም ተጠርታ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

አባ ተክሌ ነገር አላበዙም። «አንቺ ቃልሽን በላሽ፣ ክፉም ተናገርሽ። አንቺም የማይመለስ ነገር አነሳሽ። ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ። ሁለት ጥፋተኛ ሲሆን ሥርዓቱ ያው ነው፤ ታናሽ ድንጋይ ተሸክማ ከታላቋ እግር ትወድቃለች፣ ታላቅም ይፍታሽ ብላ ታነሳታለች» አሉ።

ማንም አልተነሳም። ጣራው ያፈሳል፤ ጠብታው ከመሬት የተቀመጠው ጣሳ ውስጥ ይወድቃል።

«ታናሿ ተነሺ እንጂ» አሉ አባ።

«እሷ ናት» አሉ ሁለቱም እኩል።

አባ ተክሌ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ? ማኅፀን ውስጥ አብሬያችሁ የነበርኩ መሰላችሁ?» አሉ።

ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ «ምናለ ሁለቱም ቢሸከሙ» አለች።

«ታላቅ ድንጋይ ሲሸከም የት ታይቷል?» አለች እናቴ።

«ለሷ ድንጋይ ከመሸከም ግንቡን ተሸክሜ ከተማውን ብዞር ይቀለኛል» አለች አክስቴ።

አባ መስቀላቸውን አንስተው ወጡ። ሴቶቹም ተከተሏቸው። እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ስታይ ቀረች። ያን ቀን ነው እናቴን ፈርታ ያየኋት። ቁጣዋን እንጂ ፍርሃቷን አላውቀውም ነበር።

አያቴ መንኩሰው ከደብሩ ቅጥር ሥር በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። እማሆይ እንላቸዋለን። ቆሎና ድርቆሽ በየሳምንቱ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ከስንቁ በፊት ወሬውን ነው የሚቀበሉኝ፤ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፣ በይ ንገሪኝ» እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ። እርቁ በፈረሰ ማግስት ሄድኩ። እናቴ ስንቁን ስታሰናዳልኝ ወገቧን ደጋግማ ስትይዝ ነበር።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ።

«እማሆይ፣ ታላቋ አክስቴ ናት?»

«አንቺንም ላኩሽ?»

«አልላኩኝም። ለቤቱ ነው።»

«ለየትኛው ቤት?»

ነገርኳቸው። መለዋወጡን፣ ሆዱን፣ ድመቷን ሁሉ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ «እናቴ የስፌት መኪናውን አታውቀውም፤ አክስቴ ከመውጣቷ በፊት ቀስ ብላ እንድታሳያት ይንገሩልኝ» አልኩ።

እማሆይ ሳቁ። ሲስቁ ቆዩና ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ። ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉበት። «ምን አደረግኋችሁ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ከዚያ መቋሚያቸውን አነሱና «ተነሺ፣ ፒያሳ እንወጣለን» አሉ።

«ዝናብ ነው፣ እማሆይ።»

«ጨው አይደለሁ አልሟሟ።»

ከመነኮሱ ወዲህ ፒያሳ ሲወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጭቃው ጫማቸውን ይጎትታል፤ በአንድ እጃቸው መቋሚያውን፣ በሌላው እኔን ይዘዋል። የሚያውቃቸው ሰው እየቆመ ጎንበስ ሲል እንኳ አልቆሙም።

አክስቴ ስታያቸው የመኪናው ጎማ ቆመ። ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች፣ በርጩማ አቀረበች። አልተቀመጡም።

«ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያት» አሉኝ።

እንደገና ነገርኩ። አክስቴ የጀመረችውን ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ሰማችኝ። መርፌው የእናቴን ጣት እንዳይወጋው ስል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወደ እሷ ሳበችኝና «የሺዬ፣ እንዲያ ማለቴ አልነበረም። አንቺ ፊት ያን ማለት አልነበረብኝም» አለችኝ። አክስቴ ከልጅ ይቅርታ ስትጠይቅ መስማቴ እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

«ያንቺስ ይቅር» አሉ እማሆይ። «አሁን የኔን ስሚ። ማን እንደቀደመች አላውቅም።»

አክስቴ ቀና አለች።

«እናንተን ስገላገል ራሴን ስቼ ነበር። ስነቃ ባንድ ነጠላ ጠቅልለው ከጎኔ አስተኝተዋችኋል። አዋላጇን ልጠይቅ አፈርኩ፤ የወለደች እናት ልጆቿን መለየት አቃታት እንዳይሉኝ። ነገ እጠይቃለሁ፣ ነገ እጠይቃለሁ ስል ሴትዮዋ በተስቦ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ለማን ልናገር? የማውቅ መስዬ ዝም አልኩ።»

«ሽማግሌ ሲመጣስ?» አለች አክስቴ፤ ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ታላቂቱን ጥሪ አለኝ። ሁለታችሁም ውኃ ወርዳችኋል። እንግዲህ በበሩ ቀድማ የገባችውን እሷ ናት እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ትርንጎ ገባች።»

አክስቴ የያዘችውን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

«እሾህ ወግቶኝ ነበር» አለች። «ያን ቀን፣ ዳገቱ ላይ። ትርንጎ እንስራዋን አውርዳ ላውጣልሽ አለችኝ። አይ፣ እናታችን ትቆጣለች፣ አንቺ ቅደሚ፣ እደርሳለሁ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ያለቀሱት እማሆይ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። አክስቴ አቅፋ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸውና «በቃ እንግዲህ። ቅደሚ ብያታለሁ፤ ቀደመች» አለች። ከዚያ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች፣ ከሳጥኗ አንድ ጥቅል አውጥታ ደረቷ ውስጥ ከተተች፣ ነጠላዋን ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቀሃ ነዋ።»

መንገዱ ጥግ ላይ ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ ተከምሮ ነበር። አክስቴ ቆማ መረጠች።

«ትንሿን ያዢ» አልኳት።

«ትልቅ ነገር በትንሽ ድንጋይ አይታረቁትም» አለችና ሁለት እጅ የሚሞላውን አንስታ ማጅራቷ ላይ አደረገችው። እንደዚያው ሆና ፒያሳን አቋርጣ ወረደች። ነገሩን የማያውቅ አልነበረምና ሰው መንገድ ለቀቀላት። እማሆይና እኔ ከኋላዋ ተከተልን። ውኃው ከድንጋዩ ላይ በአንገቷ ይወርድ ነበር።

ቤት ስንደርስ የእናቴ ምጥ ተጀምሯል። አባቴ ከአይከል መልስ ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ቀርቷል። እመት ድንቄ ብትፈራም መጥታ ነበር፤ የማኅበሩ ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እናቴ ከወጋግራው የተንጠለጠለውን ገመድ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች። አክስቴ በደፉ ላይ ተንበረከከችና ድንጋዩን እንደተሸከመች በጉልበቷ እየሄደች መደቡ ሥር ደረሰች።

«ታናሽሽ ነኝ። ይቅር በዪኝ» አለች።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ላብና እንባ ተቀላቅሎ ይወርድባታል። «እዚያ ታች ምን ትሠሪያለሽ? አውርጂውና ወገቤን ያዢልኝ» አለች።

«ይፍታሽ በይ መጀመሪያ» አሉ ሴቶቹ።

«ይፍታት። ይፍታት፣ ይፍታት ብያለሁ። እንኮይ፣ አፌ ነው። አፌ እንጂ ልቤ አልነበረም።»

«አፍሽን መች አጣሁት» አለች አክስቴ። ድንጋዩን አውርዳ ከኋላዋ ገብታ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። የእናቴ ሻሽ ወልቆ ነበር። አክስቴ በሁለት ጉልበቷ ይዛት ያን ከፋሲካ ጀምሮ ሳይሠራ የቀረ፣ የተንጨባረረ ግማሽ ራስ በጣቷ ትፈታ ጀመር፤ እናቴ ምጡ ለቀቅ ባደረጋት ቁጥር «ቀስ በይ፣ ታሚኛለሽ» ትላለች፣ አክስቴም «ዝም ብለሽ ውለጂ» ትላታለች።

እኔን ያስታወሰኝ አንዷ ጎረቤት ናት። ውጭ እንዳታወጣኝ ዝናብ ነው። «ጓዳ ግቢና ተኚ» ብላ ከመጋረጃው ኋላ አስገባችኝ። ገና ቀን ነበር። ጆሮዬን ሸፈንኩ፤ ቆይቼ ገለጥኩ። የእናቴ ጩኸት፣ የአክስቴ «አይዞሽ»፣ የእማሆይ ጸሎት እየተደበላለቀ ይመጣል። ከዚያ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ እልልታው ቀለጠ። እልልታው ሳያልቅ እመት ድንቄ «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ሌላ አለ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለተኛዋም መጣች፤ እልልታው እንደገና ተጀመረ።

እመት ድንቄ አጥባ ስትጨርስ አክስቴ ደረቷ ውስጥ የነበረውን ጥቅል ፈታች። ያች የመዳፍ እጅጌ ያላት ነጭ ቀሚስ ናት። አንድ ብቻ ነበረች፤ ለሁለቱ አንድ ላይ አለበሷቸው። እመት ድንቄ በክንዷ አቅፋ ወደ እናቴ ዞረች።

«እንግዲህ እወቁ» አለች፤ «ቀድማ የመጣችው ይቺ . . .»

«ዝም በይ» አሉ እናቴና አክስቴ። እኩል ነው ያሉት።

እመት ድንቄ ተቆጣች። «ምነው? ይህማ ወጉ ነው። ታላቅና ታናሽ ሳይለይ አዋላጅ ከቤት አይወጣም።»

እማሆይ በሩ አጠገብ፣ ቀሚሳቸው ውኃ እያንጠባጠበ፣ «ተይ ልጄ። ከምትነግሪያቸው ይዘሽው ብትቀበሪ ይሻላል» አሉ። እመት ድንቄ አንዴ እማሆይን፣ አንዴ ሁለቱን ልጆቻቸውን አየች። ምን እንደገባት አላውቅም፤ አፏን ዘጋች። ኋላ ስትሞትም ይዛው ነው የሞተችው፤ እግዜር ያክብራት።

እናቴ አንዷን ታቀፈች፣ ሌላይቱን አክስቴ። ቆይታ እናቴ ደክሟት፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ «ቃሌ ቃል ነው። የሺን ውሰጃት» አለች።

አክስቴ ወደ መጋረጃው አየች። «ልጅ አልወስድም፣ ቤትም አልለውጥም። ስትፈልግ ትምጣ፣ ሲያሰኛት ትመለስ» አለች። ከመስከረም ጀምሮ እንዳለችው አደረግሁ፤ ሲያሻኝ ፒያሳ፣ ሲያሻኝ ቀሃ። ማሩን ግን አልተወችም። ለቡሄ ሰሞን ጣቷን ነክራ አጠባችኝ። ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ጣት መጥባቴ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ፤ እኔም እየሳቅሁ እስኪያልቅ ጠባሁት። እናቴ ቆማ ታየን ነበር፤ ማሩን የያዘችላት እሷ ናት።

አሁን እህቶቼ ሸብተዋል። መጣላት ይወዳሉ፤ በተጣሉ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣሉ። «አንቺ እዚያ ነበርሽ፣ መጋረጃው ኋላ ነበርሽ» ይሉኛል። «እስቲ አሁን ንገሪን፣ ታላቋ ማን ናት?» መጋረጃው ቀዳዳ ነበረው። ቀድማ የወጣችውን፣ ጡጫዋን ጨብጣ ስትመጣ፣ አሁን እናንተን እንደማያችሁ አይቻታለሁ። ፊታቸውን ተራ በተራ አየዋለሁ።

«ተኝቼ ነበር» እላቸዋለሁ።